ነጥቦቼ ሁሉ ከቦታቸው ከ200 ሜትር በላይ ሸሹብኝ፣ ምን ላድርግ?

ቦኖ ቆጣሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የጎንደርን ቦኖዎች ካርታ ላይ እያስቀመጥኩ ነው። ከአዘዞ እስከ ማራኪ በእግሬ ዞሬ 64 ነጥብ ሰብስቤያለሁ። ጂፒኤሱ የተዋስኩት ጋርሚን ነው። ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ቁጥር ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ማታ ኤክሴል ላይ አስገባሁት፣ ከዚያ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ከፈትኩት። የቁጥሮቹን ሥርዓት ዩቲኤም (በሜትር የሚለካው)፣ ዞን 37 ሰሜን፣ ደብሊውጂኤስ 84 ብዬ ነው ያስገባሁት።

ከሥሩ የሳተላይት ምስል ሳደርግ ጉድ ፈላ። ነጥቦቹ ሁሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽተዋል። አስፋልት ዳር ያለው ቦኖ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ስለካው ከ200 ሜትር በላይ ነው። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። አማካሪዬ ደግሞ ሰኞ ይፈልጉታል።

ሌላም አለ። የቀበሌዎቹን ስም በአማርኛ ነበር የጻፍኩት። ሼፕፋይል በሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነት ሳስቀምጠው ዝባዝንኬ ሆነ። ኧረ ባካችሁ!

ፈጣኑ፦ ጂፒኤሱ ተበላሽቷል። በስልክሽ እንደገና ሰብስቢ።

ጋሽ ቀያሽ፦ ቆይ እንጂ፣ ልጅቷን ደግማችሁ አዘዞ አታስኬዷት። የተበላሸ ጂፒኤስ አንዱን ነጥብ ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ይበትናል። 64ቱም በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት ከሄዱ ብልሽት አይደለም። የዳተም ጉዳይ ነው፣ ማለት ቁጥሩ ከየትኛው የምድር ልኬት ተነስቶ ተሰላ የሚለው። ሶፍትዌሩን አጥፍቶ መጫን ደግሞ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም ነው። የምድርን ቅርጽ የሚወስደው ክላርክ 1880 ከሚባለው ነው። የሳተላይት ምስሉ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። አንዱ መሬት በሁለቱ ሲለካ ቁጥሩ ይለያያል። በጎንደር አካባቢ የአዲንዳኑ ቁጥር ወደ ሰሜን በ207 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ በ94 ሜትር ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የአዲንዳንን ቁጥር ደብሊውጂኤስ ነው ብለሽ ስታስገቢው ነጥቡ ደቡብ ምዕራብ ላይ ያርፋል። ያንቺም ሽሽት ልክ ይኸው ነው።

ጂፒኤሱን ካንቺ በፊት የያዘው ሰው ከወረቀት ካርታ ጋር እንዲስማማለት አዲንዳን ላይ አድርጎት ይሆናል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ማፕ ዳተም የሚለውን እዪው።

ቦኖ ቆጣሪዋ፦ ጋሼ፣ አሁን ከፈትኩት። አዲንዳን ይላል! እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ሌየሩ (የነጥቦቹ ንብርብር) ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ ዳተሙን ብቀይረው ይበቃል?

ሌየር በሌየር፦ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ ወድቄበታለሁ። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» የሚለው (ሲአርኤስ የመለኪያ ሥርዓቱ ነው) ቁጥሩን አይነካም። «ይሄ ቁጥር በዚህ ሥርዓት የተለካ ነው» ብለሽ መንገርሽ ብቻ ነው። ቁጥሩን አስልቶ የሚቀይረው «ኤክስፖርት» ነው። አርክጂአይኤስ በሚባለው ሌላ የካርታ ሶፍትዌር የመጀመሪያው «ዲፋይን ፕሮጀክሽን»፣ ሁለተኛው «ፕሮጀክት» ይባላል።

ያንቺ ቁጥር አዲንዳን ስለሆነ መጀመሪያ እውነቱን ንገሪው፦ ኢፒኤስጂ (የሥርዓቱ መለያ ቁጥር) 20137፣ አዲንዳን ዞን 37 ሰሜን። ከዚያ ኤክስፖርት ብለሽ 32637 ላይ አስቀምጪው። እሱ ደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37 ሰሜን ነው። በየትኛው ስሌት ላሻግር ብሎ ዝርዝር ካመጣልሽ ለኢትዮጵያ የተባለውን ምረጪ። የቡርኪናፋሶም የካሜሩንም ስላለ የመጀመሪያውን ዝም ብለሽ እሺ አትበይ።

ጋሽ ቀያሽ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ጋርሚኑ ላይ ማርክ ብለሽ ነጥቦቹን አስቀምጠሽ ከነበር ደብተሩን እርሺው። ማሽኑ በሆዱ የሚይዘው በደብሊውጂኤስ ነው። አዲንዳን የሚሆነው ስክሪኑ ላይ ሲያሳይሽ ብቻ ነው። በገመድ አውርደሽ ጂፒኤክሱን፣ ማለት የጂፒኤሱን ፋይል፣ ብትከፍቺው ቀጥ ብሎ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ቁጥር ስትገለብጪ የተሳሳትሽውም ካለ ያኔ ይለያል።

ሲሲሊ ደርሼ የመጣሁ፦ 200 ሜትር ምን አላት! እኔ ኬንትሮስና ኬክሮስ አቀያይሬ ፋሲል ግቢን ከሲሲሊ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ከትቼዋለሁ። 12.6 እና 37.47 ሲገለበጥ እዚያ ነው የሚያርፈው። ኪውጂአይኤስ ኤክስ ሲል ኬንትሮስን ነው፣ ለእኛ 37 የሚለውን። የዩቲኤሙን ቁጥር፣ ማለት ምሥራቁ 330 ሺህ ገደማ፣ ሰሜኑ 1 ሚሊዮን 390 ሺህ ገደማ የሆነውን፣ የዌብ ካርታው 3857 ነው ብላችሁ ካስገባችሁ ደግሞ ኒጀር ትገባላችሁ። የት አገር እንዳረፋችሁ እዩና ስህተቱን ታውቁታላችሁ።

ፈጣኑ፦ እሺ፣ የጂፒኤሱን ነገር ቸኩያለሁ። ግን ዞን 37 ለሁሉም ቦታ ይሠራል?

ጋሽ ቀያሽ፦ ለጎንደር ከተማ አዎ። ዞኑ የሚጀምረው ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። መተማ ለጥቂት ትገባለች። ወደ ቋራ፣ አላጥሽ ፓርክ ስትወርድ ግን ዞን 36 ነህ።

ፊደል ገበታ፦ የአማርኛውን እኔ ልመልስ። መጀመሪያ ምን እንደሚታይሽ ንገሪኝ። የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው ወይስ የፈረንጅ ፊደል ከነጭረቱ?

ቦኖ ቆጣሪዋ፦ የፈረንጅ ፊደል ነው። የአንዱ ዓምድ ስምም ተቆርጧል።

ፊደል ገበታ፦ ተርፈሻል። ፊደሉ አለ፣ የተነበበው በሌላ ኢንኮዲንግ (የፊደል ኮድ) ነው። ሌየር ፕሮፐርቲስ፣ ሶርስ ውስጥ ኢንኮዲንጉን አማርኛ ወደሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ቀይሪው። የጥያቄ ምልክት ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ ስታስቀምጪው ጠፍቷል ማለት ነበር። ከኤክሴል ሲያስቀምጥ ተራውን ሲኤስቪ (የጽሑፍ ሰንጠረዥ ፋይል) የመረጠ ሰው የሚገጥመው እሱ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ዩቲኤፍ-8 የሚል ሌላ ሲኤስቪ አለ፣ እሱን ነው መምረጥ።

የዓምዱ ስም የተቆረጠው ሼፕፋይል ለስም 10 ባይት ብቻ ስለሚሰጥ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይበላል። ስለዚህ ሦስት ፊደል ጽፈሽ አለቀ። ሼፕፋይሉን ተይውና ጂኦፓኬጅ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጪው። ሼፕፋይል ብዙ ፋይል ነው፣ ይሄ ግን አንድ ስለሆነ በፍላሽ ስትወስጂውም ግማሹ አይቀርብሽም።

ገደል በገደል፦ ይቅርታ በመሃል ገባሁ። የጎንደርን ከፍታ ዳታ አውርጄ ስሎፕ (የመሬቱን ተዳፋት) ሳሰላ ከተማዋ በሙሉ 89 ዲግሪ ሆነች።

ሌየር በሌየር፦ ጎንደር ተራራማ ናት፣ ግን እንዲህም አልሆነች። ዳታህ አግድሙ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ነው። መጀመሪያ ወደ 32637 ቀይረው፣ ከዚያ አስላ።

ቦኖ ቆጣሪዋ፦ ተመለስኩ። ጂፒኤክሱን አወረድኩት። አላመንኩም ብዬ ጠዋት ፋሲል መዋኛ ሄድኩ። የጥምቀተ ባሕሩ ማዕዘን ከሳተላይት ጥርት ብሎ ስለሚታይ እዚያ ቆሜ አንድ ነጥብ ወሰድኩ። ካርታው ላይ ከማዕዘኑ 4 ሜትር ነው የራቀው። ከደብተሬ የገለበጥኩትንም በ20137 አድርጌ ኤክስፖርት አደረግኩት። 61ዱ ከጂፒኤክሱ ጋር ገጠመ። በሦስቱ ላይ 3ን 8 ብዬ ጽፌያለሁ። የአስፋልቱ ቦኖ ከሰው ጣሪያ ወርዷል። ጋሼ፣ ውለታዎ አለብኝ።