ወንድሜ ዓርብ ማታ ተያዘ፤ 48 ሰዓቱ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? (ጅማ)

የኮቺዋ (ጠያቂ)፣ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ መልስ ስለምፈልግ በቀጥታ ልግባ። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ዓርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ከመርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ ሲሄድ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጨ። ራሱ አንስቶ ሆስፒታል አደረሳት። እግሯ ተሰብሯል፤ ለሕይወቷ ግን አያሰጋም ብለውናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትራፊክ መጥቶ ፕላን አነሳ፣ ወንድሜንም ከዚያው ከሆስፒታሉ በር ወደ ጣቢያ ወሰዱት።

ቅዳሜ ስንቅ ይዤ ብሄድ ምግቡን ተቀብለው እሱን ግን አላገናኙኝም። ፍርድ ቤት መቼ እንደሚቀርብ ብጠይቅ «ሰኞ ወይ ማክሰኞ፣ መርማሪው ሲገባ» አሉኝ። ተማሪ እያለሁ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ 48 ሰዓት የሚባል ነገር መማሬ ትዝ ይለኛል። እሱ ሰዓት ቅዳሜና እሁድን ይጨምራል? ካለፈስ በራሱ ይፈታል ማለት ነው? ደግሞ አንድ ወረቀት አስፈርመውታል አሉ፤ ምን እንደሆነ አላወቅንም። እናታችን ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ባለሦስት እግር

አይዞሽ እህቴ፣ እኛ ሾፌሮች የለመድነው ነው። ሰው ካልሞተ ብዙ አያከርሙትም። ምክሬ፦ መርማሪው ማን እንደሆነ አጣሪና ለሻይ የምትሆን ነገር ያዢለት። ሰኞ ጠዋት ይወጣል።

ችሎት አዳማጭ

የኮቺዋ፣ የላይኛውን ምክር አትስሚ። ጉቦ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ለአንድ ታሳሪ ብለሽ ሁለት እንዳትሆኑ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሕግ ተምሬያለሁ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው ይላል። የሚቆጠረው ከተያዘበት ሰዓት ነው እንጂ መርማሪው ቢሮ ከገባበት አይደለም። ከዚያ ውስጥ የማይቆጠር አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ በተገቢ ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ። ስለ ቅዳሜና እሁድ አንዲት ቃል የለም። ጅማ ከተማ ውስጥ ተይዞ ጅማ ከተማ ውስጥ ላለ ፍርድ ቤት ጉዞው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ባለሦስት እግር ያውቃል። ስለዚህ የወንድምሽ ሰዓት ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይሞላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፦ 48 ሰዓት ዳኛ ፊት የመቅረቢያ ጊዜ ነው፤ የመፈቻ አይደለም። ሲቀርብ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ታስሮ የሚቆይበት ተጨማሪ ጊዜ፣ ሊጠይቅ ይችላል። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ መስጠት አይችልም፤ 14 ግን ጣሪያ ነው፤ ሦስት ቀንም ሊሰጥ ይችላል፣ ጭራሽም ላይሰጥ ይችላል። ሰዓቱ አልፎ ሳይቀርብ ከቀረ ሰውየው በራሱ አይለቀቅም። አንቀጽ 19(4) ግን ፍርድ ቤቱ «አካሉን ነፃ አውጡ» ብሎ እንዲያዝ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ይህ መብት ሊጣስ አይችልም ተብሎ ነው የተጻፈው። አቤቱታው በቃለ መሐላ ተደግፎ ይቀርባል፤ እሱ ማቅረብ ካልቻለ አንቺ ስለ እሱ ልታቀርቢ ትችያለሽ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 177 የሚቀርበው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

እስከዚያው ሁለት ነገር አድርጊ። ዛሬውኑ ጣቢያ ሄደሽ የወንድምሽ ስም መዝገብ ላይ የሰፈረበትን ቀንና ሰዓት፣ የተጠረጠረበትን ወንጀልና የመርማሪውን ስም ጠይቀሽ ጻፊ። ሁለተኛ፣ አላገናኝም ካሉሽ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21(2) የተያዘ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዱ፣ ከወዳጁ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው በትህትና ንገሪያቸው። በትህትና ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ተረኛው ሳጅን ላይ ጮኾ የተጠቀመ ሰው አላየሁም።

የፈረመው ወረቀት የተከሳሽነት ቃሉ ይመስለኛል። ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚናገረው ነገር ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር፤ ተገድዶ የሰጠው ቃል ተቀባይነት የለውም። ነግረውት እንደሆነ ስታገኚው ጠይቂው።

የኮቺዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እየሄድኩ ነው።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እኔ ጅማ ውስጥ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ምናልባት አንቺንም አስተምሬሽ ይሆናል፤ 48 ሰዓትን ማስታወስሽ ደስ ብሎኛል። ችሎት አዳማጭ በደንብ አስረድቷል። አንድ ታሪክ ብቻ ልጨምር፤ የጉዞ ጊዜ ለምን እንደማይቆጠር ተማሪዎች ሁልጊዜ ይጠይቁኝ ስለነበር።

ይህ የ48 ሰዓት ሕግ በ1987፣ በዛሬው ሕገ መንግሥት የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። በ1948ቱ በተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ በአንቀጽ 51 ነበረ። እዚያም ላይ ሰውየው የተያዘበት ስፍራ ከፍርድ ቤቱ በእግር ካልሆነ የማይደረስ፣ ያውም ከ48 ሰዓት ያላነሰ የሚያስኬድ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል ይል ነበር። በእግር! በዚያ ዘመን ወንጀለኛና ወታደር ጎን ለጎን ተራራ ለተራራ ሲጓዙ አስቢው። የዛሬው ሕግ የጉዞ ጊዜ የሚለው የዚያ ቅሪት ይመስለኛል። የጅማ ጣቢያና የጅማ ፍርድ ቤት ግን ያን ያህል አይራራቁም።

ልዩነቱ ሌላ ነው። የ1923ቱንና የ1948ቱን ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው «የሰጡት» ነበር፤ ሰጪው ከላይ ነው። የ1980ውን የደርግ ሕገ መንግሥት ልተወው። የ1987ቱ አንቀጽ 8 የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 9 ደግሞ ከእሱ ጋር የሚቃረን ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራርም ሆነ የባለ ሥልጣን ውሳኔ ዋጋ የለውም ይላል። «መርማሪው ሲገባ» የሚባለው ልማዳዊ አሠራር ነው እንግዲህ።

ዝም አልልም

ጋሼ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ ሁሉ ወረቀት ነው። ስንቱ ወር ሙሉ ሳይቀርብ ታስሮ አየን። ደግሞስ እናንተ የምትጠቅሱት የፌዴራሉን ነው፤ እዚህ ኦሮሚያ ነው፣ የክልሉ ፖሊስ በክልሉ ሕግ ነው የሚሠራው።

ችሎት አዳማጭ

የመጀመሪያው ሐሳብህ ያከራክራል፣ ሁለተኛው ግን ስህተት ነው። አንቀጽ 13(1)ን አንብብ፤ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያሉትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ ያለባቸው በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት ናቸው። «በየደረጃው» ሲል እስከ ታች ድረስ ነው። የኦሮሚያም ሕገ መንግሥት ቢሆን እነዚህኑ መብቶች ይዟል።

ዝም አልልም

እሺ ይሁን። ወረቀት ነው ያልኩት ግን አልተመለሰም።

ጡረተኛው መምህር

አልተመለሰም። እኔም መልስ የለኝም፤ ሲጣስ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ልጅቷ ነገ ዳኛ ፊት ስትቆም የምትይዘው ከዚህ ወረቀት ሌላ ምን አላት?

ፍሬሽ ነኝ

ለምን በቀጥታ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አይከሱም? መብት ከተጣሰ እሱ አይደል ሥራው?

ችሎት አዳማጭ

ወንድሜ፣ እኛ አገር የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሚባል የለም። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው (አንቀጽ 62)። አቤቱታውን የሚያጠናለት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ 11 አባላት አሉት፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይሰበስበዋል። ጉባዔው ውሳኔውን ካቀረበለት በኋላ እንኳ ምክር ቤቱ 30 ቀን አለው። እዚያ የሚኬደው በመደበኛው መንገድ ሁሉ ተሂዶ መጨረሻ ሲደረስ ነው። ነገ ጠዋት ሰው ለማስፈታት የሚሆን በር አይደለም፤ ለፈተና ግን ያዘው፣ ይመጣል።

እትዬ ጨርቅ ነጋዴ

የኔ ልጅ፣ እኔ ሕግ አላውቅም፣ የልጄን ጉዳይ ይዤ ግን ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። እዚህ የፍርድ ቤቱ ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው። ማመልከቻውም በዚያው በቁቤ ተጽፎ ቢቀርብ ነው ቶሎ የሚሄድልሽ፤ ፍርድ ቤቱ አካባቢ የሚጽፉልሽ ሰዎች አታጪም፣ ዋጋውን አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ገንዘብ የሚቸግራችሁ ከሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ልጆችና መምህራን በነፃ የሚረዱበት የሕግ ድጋፍ አለ፤ እኔን ማመልከቻ ጽፈው ረድተውኛል፣ ይባረኩ። ወንድምሽ ቋንቋውን ይችላል?

ሌላው፣ ነገ ከፍርድ ቤት በፊት ወይም እንደወጣችሁ ያችን የተጎዳች ሴት ሂዱና ጠይቋት። ብርቱካን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ አንድ ሽማግሌ ይኑር። ሕጉ ሕግ ነው፣ ሰው ደግሞ ሰው ነው። እሷም እኮ ተኝታ ማን መጣልኝ እያለች ነው።

የኮቺዋ፣ እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት

እትዬ፣ እሱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፣ አፋን ኦሮሞ ከአማርኛው ይልቅ ይቀናዋል። እኔ ነኝ ደከም የምል።

ጣቢያ ሄጄ ነበር። መዝገቡን አሳዩኝ፣ ዓርብ 1፡20 ይላል። አንቀጽ 21 ስል ተረኛው ሳቀና «እሺ አምስት ደቂቃ» ብሎ አገናኘኝ። አልተመታም፣ ደህና ነው። ቃሉን ሲቀበሉ ያለመናገር መብትህ ነው ብለውታል፣ እሱ ግን የሆነውን ሁሉ ተናግሯል። በጣቢያ ዋስ መልቀቅ ይቻላል ወይ ብዬ ስጠይቅ ግን «በሰው ላይ ጉዳት ደርሶ?» አሉኝ። እውነት ነው?

ችሎት አዳማጭ

በፍጹም የማይቻል አይደለም። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ መርማሪው በራሱ ፈቃድ በዋስ ሊለቅ ይችላል። በቸልተኝነት አካል ማጉደል አብዛኛውን ጊዜ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው የሚያስከትለው። ነገር ግን «ይችላል» ነው እንጂ «አለበት» አይደለም። አሁን ዋናው የዳኛው ዋስትና ነው፦ በዚያው ሕግ አንቀጽ 63 ዋስትና የሚያስከለክለው ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆንና ተጎጂው ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። ለዚህ ነው የሴትየዋ የሐኪም ማስረጃ ለእናንተም የሚጠቅመው፤ «ለሕይወቷ አያሰጋም» የሚለው በጽሑፍ ቢገኝ። ዳኛው በተጨማሪ ይሰወራል ወይስ አይሰወርም፣ ምስክር ያባብላል ወይስ አያባብልም የሚለውን ያያል። ቋሚ አድራሻ እንዳለው ለማሳየት የቀበሌ መታወቂያውን ይዘሽ ውጪ።

ባለሦስት እግር

የሻይውን ምክር ባትሰሙኝም ይሄንን ስሙኝ፦ የባጃጁ ባለቤት የሦስተኛ ወገን መድን ወረቀቱን ያምጣ። የሴትየዋ ሕክምና ወጪ ከዚያ ነው የሚጀመረው። ያልታደሰ ከሆነ ከአሁኑ እወቁት።

የኮቺዋ፣ ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቀረበ። ፖሊስ 14 ቀን ጠየቀ፤ የሐኪም ማስረጃ አልደረሰልኝም፣ ምስክር ይቀረኛል አለ። ወንድሜ ራሱ ተነስቶ ሴትየዋን ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ የት እሸሻለሁ አለ። ዳኛው ማስረጃውን ከሆስፒታል ለማምጣት ተጠርጣሪው መታሰር አያስፈልገውም ብለው በ5 ሺህ ብር ዋስ ፈቀዱ። 48 ሰዓት ስለማለፉ ግን ማንም አላነሳም፣ እኔም አፌ ተሳሰረ።

ዝም አልልም

ይኸው! አላነሳም አለች።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሰዓቱ ስለማለፉ አቤት ማለት ከፈለግሽ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ቢሮ አለው፣ ክፍያ የለውም። ከእንባ ጠባቂ ጋር አታምታቺው፤ እንባ ጠባቂ የሚያየው የአስተዳደር በደል ነው፣ መታወቂያ ከለከሉኝ፣ ፋይሌን ቀበሩብኝ የሚለውን ዓይነት።

የኮቺዋ

አይ ጋሼ፣ ይቅርብኝ። ወንድሜ ነገ ባጃጁን ይዞ የሚያልፈው በዚያው ጣቢያ በር ነው። አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው፤ 5 ሺህ ብር ተበድረን አስያዝን፣ ጠፍቶ የሚቀር ነው?

ችሎት አዳማጭ

አይጠፋም። በየቀጠሮው እስከቀረበ ድረስ መዝገቡ ሲዘጋ ይመለሳል። አንድ ቀጠሮ ከቀረ ግን ለመንግሥት ገቢ ሊሆን ይችላል። ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ እዪ፤ ተመላሹን የሚወስደው እሱ ነው፤ ያበደራችሁ ሰው ስም ከሆነ ደረሰኙን ለእሱ ስጡት፣ ኮፒውን እናንተ ያዙ።