ሲሊንደር ላይ የተጋገረ አሉሚኒየም፦ በብርጭቆ ወረቀት ልፈቀው ወይስ በአሲድ ላንሳው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ያለው የእንጨት መጋዝ አለኝ። በሥራ ላይ ሳለ ድምፁ ድንገት ቀጥኖ ከፍ አለና ወዲያው ቆመ፤ የማስነሻ ገመዱን ስስበውም ንቅንቅ አልል አለኝ። ፈትቼ ሳየው ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ክፉኛ ተፍቋል፣ ሲሊንደሩም በዚያው ወገን ግራጫ መስመሮች ተጋግረውበታል። ጥፍሬን ሳሳልፍበት የሚይዘኝ ወደ ላይ ያበጠ ነገር እንጂ ወደ ውስጥ የገባ ጭረት አይመስለኝም። ፒስተንና ቀለበት አዲስ አግኝቻለሁ፤ ሲሊንደሩን ግን ማዳን እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ 1

ያዩት ግራጫ ነገር የሲሊንደሩ ጉዳት ሳይሆን የፒስተኑ ሥጋ ነው። የዘይቱ ሽፋን ሲጠፋ ፒስተኑ በሙቀት ሰፍቶ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፤ ከግድግዳው እጅግ የሚለሰልሰው አሉሚኒየምም እየተቀባ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጥፍርዎ የነገረዎት እውነት ከሆነ ሲሊንደሩ የመዳን ተስፋ አለው።

በብርጭቆ ወረቀት ግን አይጀምሩ። በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ግድግዳው ብዙውን ጊዜ በኒኬልና በሲሊከን ካርባይድ ወይም በክሮም የተለበጠ አሉሚኒየም ሲሆን፣ ልባጡ በአብዛኛው ከ0.1 ሚሊሜትር ያነሰ ውፍረት ስላለው አንድ ቦታ ላይ አጥብቆ የሚፍቅ ሰው ሳያውቀው ሊያልፈው ይችላል። እኔ የምጠቀመው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። በጥጥ እየነከርኩ በግራጫው መስመር ላይ ብቻ እቀባለሁ፤ አሉሚኒየሙ እየተንፈቀፈቀ ይሟሟል።

መልስ 2

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ቢሆንም፣ አሲዱን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክሮምን ያሟሟል፣ ብረትንም ይበላል፤ ስለዚህ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ሳያረጋግጡ አሲድ ማስነካት አዳኙን አጥፊ ማድረግ ነው። ማግኔት ያስጠጉ፤ ግድግዳው አጥብቆ ከሳበው ከውስጥ የብረት ቱቦ ገብቶበታል ማለት ነው። ክሮምን ከኒኬል በዓይን መለየት ግን አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ለሁሉም የሚስማማውን ኮስቲክ ሶዳ እመርጣለሁ፦ አሉሚኒየሙን ይበላል እንጂ ብረቱን፣ ኒኬሉንም ሆነ ክሮሙን አይነካም።

ሲሊንደሩን ከሞተሩ ቤት ነቅለው ለብቻው ይሥሩ፤ የመጋዞች የሞተር ቤት ብዙ ጊዜ ማግኒዚየም ነውና አሲድ ከደረሰበት አይተርፍም። ዘይቱን በሳሙና አጥበው ያድርቁ፣ ቅባት ባለበት ኬሚካሉ አይዝም። ሶዳውን ወደ ውሃ ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው በፍጹም አይጨምሩ። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ የሚወጣው አረፋ የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሆነ ሥራው እሳት በሌለበት ደጅ ይሁን። ጥጡንም አጥብቀው ይጭመቁት፤ ጠብታው ወደ ጭስ መውጫው ቀዳዳ ከፈሰሰ እዚያ ያለው ያልተለበጠ አሉሚኒየም ነው።

ይቀቡ፣ መንፈቅፈቁ ሲበርድ ይጥረጉ፣ እንደገና ይቀቡ። አሁን የምናገረውን በጥንቃቄ ይመልከቱ፦ ግራጫው ጠፍቶ ግድግዳው ለስልሶ ሳለ አንድ ነጥብ ላይ አረፋው አላቋርጥ ካለ፣ የሚበላው የተጋገረው ሳይሆን ከልባጡ ሥር ያለው የሲሊንደሩ ገላ ነው። ወዲያው አቁመው በብዙ ውሃ ያጥቡት። ልባጡ የተነሣበት ቦታ ቀለበቱ የሚሄድበት ከሆነ ያንን ሲሊንደር መልሶ መግጠም አልመክርም።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማግኔቱ አልያዘምና በኮስቲክ ሶዳው ሠራሁ። በሦስተኛው ዙር መስመሮቹ ወደ ጥቁር ጭቃነት ተለውጠው በጨርቅ ተነሡ፤ በአራተኛው ላይ አረፋው ጨርሶ ቆመ። አሁን ጥፍሬ የትም አይያዝም፣ ደብዘዝ ያለ ጥላ ብቻ ቀርቷል። ከዚህ በኋላ ምን ላድርግ?

መልስ 1

ክሮሙን በተመለከተ የተሰጠኝን እርማት በደስታ ተቀብያለሁ። ጥላው ጉዳት የለውም። በውሃ ደጋግመው ካጠቡት በኋላ፣ ዘይት በነካ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእጅዎ ቀስ ብለው በሰያፍ ያዳብሱት። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ነጭ ጨርቅ ግራጫ ሳይዝ እስኪወጣ ድረስ ይጥረጉት፤ የቀረ ብናኝ አዲሱን ቀለበት ይሞርደዋል። እንደደረቀም ወዲያው ዘይት ይቀቡት።

ነገር ግን አዲሱን ፒስተን ከመግጠምዎ በፊት ያ የቀጠነ ድምፅ ከየት እንደመጣ ይፈልጉ። ድምፁ እንዲያ ከፍ የሚለው አየር በዝቶ ነዳጅ ሲያንስ ነው፤ ዘይቱም የሚደርሰው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ አብሮ ያንሳል። በካርቡሬተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ጎማ አጥፈው ስንጥቅ ይፈልጉ፣ የክራንክ ዘንጉን ኦይል ሲሎች (በዘንጉ ዙሪያ አየር እንዳይገባ የሚዘጉትን የጎማ ቀለበቶች) በሁለቱም ወገን ይዩ፣ የነዳጅ ማጣሪያውንም ይለውጡ። የድብልቁ ልክ 50 ለ1 ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊሊትር ዘይት ይገባል፤ በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ይሁን።

ጠያቂው

ጎማውን ሳጥፈው በታች በኩል፣ ተገጥሞ ሳለ በማይታይበት ቦታ፣ የጥፍር ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። እሱን ሳልለውጥ ፒስተኑን አልገጥምም።