በጅማ የአየር ጠባይ ለውሻ ልብስ ማልበስ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ጥያቄ፦ «የጅሬን ነዋሪ»

ጤና ይስጥልኝ። ውሻ ለምታሳድጉ፣ በተለይም ስለ እንስሳት ጤና እውቀት ላላችሁ ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ፣ በእኛ ከተማ የአየር ጠባይ ለውሻ ልብስ ማልበስ ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ውሾች አሉ። አንዷ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ጸጉሯ አጭርና ስስ የሆነ፣ ቤት ውስጥ የምትውል ትንሽ ውሻ ናት፤ ሁለተኛው ደግሞ ቀን ታስሮ የሚውል፣ ማታ ማታ የሚፈታ፣ ግቢ የሚጠብቅ ያገራችን ውሻ ነው። ክረምቱ ሲገባ ልጆቼ አዝነውላቸው ከአሮጌ ሹራብ ለሁለቱም ልብስ ሰፉላቸው። ትንሿ ስትለብስ መንቀጥቀጧን ትተዋለች። ትልቁ ግን ልብሱ ገና በአንገቱ ሲገባ ጭራውን ወሽቆ ከቆመበት አይነቃነቅም። ልጆቹ ይህን ከጨዋነቱ ቆጥረውለታል፤ እኔን ግን ደስ አላለኝም። ከጎረቤቶቼ መካከል ሥራቸውን እንደ ርኅራኄ የሚያዩት አሉ፤ የሚለብሰው ያጣ ሰው ባለበት ከተማ ለውሻ ማልበስ ነውር ነው የሚሉም አልጠፉም። ለልጆቼ ከመፍቀዴም ሆነ እነርሱን ከመከልከሌ በፊት በምክንያት የተደገፈ ሐሳባችሁን ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ «የእንስሳት ሐኪም»

የተከበሩ ጠያቂ፣ ሁለቱ ውሾችዎ አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ይህን ሙቀት የሚጠብቅለት በጸጉሩ መካከል የሚያዘው አየር ነው። ሙቀት ሲበዛበትም እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ በዋነኛነት የሚቀዘቅዘው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፣ ላብ የሚያወጣውም በመዳፎቹ ሥር ነው። ስለዚህ ማለዳ ሹራብ የለበሰ ውሻ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ የሚያወልቅለት ሰው አጠገቡ ከሌለ፣ የተደረገለት ደግነት ወደ ሥቃይ ይለወጥበታል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ቢኖር፣ በጅማ ክረምት የውሻ ዋና ችግር እርጥበት እንጂ ብርድ አለመሆኑን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብትሆንም፣ በክረምት ሰማዩን ደመና ስለሚሸፍነው ሌሊቱ እምብዛም አይበርድም፤ ብርዱ የሚጠናው ሰማዩ ጥርት በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው። በሰኔና በሐምሌ ውሾቻችንን የሚያንቀጠቅጣቸው መርጠባቸው ነው። ውሻ ሲረጥብ ከራሱ እስከ ጭራው ተርገፍግፎ አብዛኛውን ውኃ ያራግፋል፤ ልብስ የለበሰ ውሻ ግን ቢርገፈገፍም ውኃው ጨርቁ ውስጥ ስለሚቀር፣ የረጠበው ሹራብ ከገላው ጋር ተጣብቆ ሙቀቱን ሲወስድበት ይውላል። በዚህ ላይ ቆዳው ይታፈናል፣ ብብቱና ብሽሽቱ ይፋቃል፣ ቁንጫና መዥገርም ከባለቤቱ ዓይን ተሰውረው ይራቡበታል። በታፈነ ቆዳ ላይ የባክቴሪያ ቁስልና እንደ ጭርት ያለ የፈንገስ በሽታ በቀላሉ ይነሣል፤ ጭርት ደግሞ ውሻውን ወደሚያቅፉት ልጆች የሚተላለፍ ነው። የላስቲክ የዝናብ ልብስም ቢሆን ለአጭር መንገድ ካልሆነ በስተቀር አይመከርም፤ ዝናቡን ቢከለክልም ከውስጥ የሚወጣውን እርጥበት አያስተነፍስም።

የትልቁ ውሻዎ ዝምታ እርስዎ እንደጠረጠሩት ጤናማ አይደለም። ጭራ መወሸቅ፣ ጆሮን ወደ ኋላ ማስተኛት፣ የሚበላ ነገር ሳይኖር ከንፈርን ደጋግሞ መላስና ያለ እንቅልፍ ማዛጋት የጭንቀት ምልክቶች ናቸው። ውሾች እርስ በርሳቸው የሚግባቡት በጭራቸው፣ በጆሯቸውና በጀርባቸው ጸጉር አቋቋም ስለሆነ፣ ጀርባው የተሸፈነ ውሻ ማታ ከሌሎች ጋር ሲገናኝ ሐሳቡን መግለጥ ይቸገራል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌሊት አጥር ለአጥር ሲሮጥ ሹራቡ ሽቦ ወይም እንጨት ላይ ተይዞ ሊያንቀው መቻሉ ነው። ለእርሱ ልብሱ ቀርቶ ጥሩ ቤት ይሠራለት፤ ወለሉ በጡብ ወይም በእንጨት ከመሬት ከፍ ያለ፣ በሩ ዝናቡ ከሚመታበት አቅጣጫ የዞረ፣ ውስጡም ደረቅ ጭድ ወይም ፀሐይ የመታው ጆንያ የተነጠፈበት ይሁን። በአካባቢያችን በቀላሉ ስለሚገኝ የቡና ገለፈት የሚያነጥፉ ሰዎች አሉ፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ገለፈቱም ካፌይን ስላለው፣ ካፌይን ደግሞ ለውሻ መርዝ ስለሆነ፣ ቡችላ ቢያኝከው ለከፋ ጉዳት ይዳረጋል።

ለትንሿ ግን ጠዋትና ማታ ሹራብ ማልበሱን እደግፋለሁ። ጸጉረ ስስ፣ ቡችላ፣ ያረጁና በሕመም የከሱ ውሾች ሙቀታቸውን በራሳቸው መጠበቅ ያዳግታቸዋል። አንገቱና ደረቱ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው፤ ነክሳ የምትውጠው ቁልፍም ሆነ ዶቃ አይሰፋበት፤ ሲረጥብ ወዲያው ይውለቅ። ተጠባባቂ ሰው በሌለበት ጊዜም አትልበስ።

መልስ፦ «ከመርካቶ»

የሐኪሙን ማብራሪያ አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ የጎረቤቶቹ ቅሬታ እንደ ቀላል ነገር መታለፍ አልነበረበትም። ዝናብ በሚወርድበት ማታ በሱቅ በረንዳ ሥር ተጠጋግተው የሚያድሩ ልጆች ባሉበት ከተማ፣ ለጌጥ ተብሎ የተገዛ የውሻ ልብስ ይዞ በአደባባይ መታየት የሰውን ልብ ያቆስላል። ጠያቂው ያሉት አሮጌ ሹራብ ስለሆነ እርሳቸውን አልወቅስም፤ ለሰው የማይሆን ቡትቶ ለእንስሳ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። ሊለበስ የሚችል ሹራብ ተቀዶ ለውሻ ከተሰፋ ግን ያ ሹራብ የሚገባው ሰው አለ። ለውሻ ገንዘብ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትብ፤ ይህ ውሻውንም፣ በረንዳ ላይ የሚያድረውንም ልጅ ይጠብቃል።

መልስ፦ «የሄርማታ ልጅ»

አሰላሙ ዓለይኩም። ወንድሜ ከመርካቶ በጻፉት እስማማለሁ፤ እኔ ደግሞ ጉርብትናን የሚመለከት አንድ ጉዳይ ልጨምር። እኔ በምከተለው የሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ በሆነው) የውሻ ምራቅም ሆነ እርጥበት የነካው ልብስ ለሰላት አይሆንም፤ ሰባት ጊዜ፣ ከእነዚህም አንዱን ጊዜ በአፈር መታጠብ ይኖርበታል። ይህ ውሻን ከመጥላት የመጣ አይደለም፤ ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ያደግን ነን። ሆኖም እንደኛ ባለ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ግቢ በሚኖርበትና ልብስ በአንድ ገመድ ላይ በሚሰጣበት ሰፈር፣ የውሻው ሹራብ ከሰው ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ከታጠበ ጎረቤትን ማስቀየሙ አይቀርም። ስለዚህ ውሻቸውን የሚያለብሱ ሰዎች ለልብሱ የተለየ ሳፋና የተለየ ገመድ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። የለበሰ ውሻ ንጹሕ ነው ብለው ልጆች ወደ እንግዳ እንዳያስጠጉትም ይነገራቸው።

መልስ፦ «ከፈረንጅ አራዳ»

ልብስ ለውሻ ያስፈለገበትን አንድ ሌላ አጋጣሚ ላካፍላችሁ። ውሻችን እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስትመለስ ስፌቱን እንዳትልሰው አንገቷ ላይ የላስቲክ ቆብ ተደርጎላት ነበር፤ እርሱን አድርጋ ግን መብላትም መተኛትም አልቻለችም፣ በየበሩ መቃን እየተጋጨች ስታለቅስ አደረች። በማግስቱ የልጄን ጥጥ ቲሸርት ወስጄ አንገቷን በአንገቱ፣ የፊት እግሮቿን በእጅጌዎቹ አስገባሁ፤ የታችኛውን ጫፍ ከጭራዋ በላይ ሰብስቤ በጸጉር ላስቲክ አሰርኩት፤ ለመጸዳዳት ስትወጣ ላስቲኩን ፈትቼ ጨርቁን ወደ ወገቧ እጠቀልለዋለሁ። ያን ዕለት ተረጋግታ ተኛች። አላስፈላጊ ልብስ እንስሳውን እንደሚያስጨንቅ የተነገረውን ሙሉ በሙሉ ብቀበልም፣ ልብስ የተባለ ነገር ሁሉ ለውሻ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይህን ቢያይ ደስ ይለኛል። ሐኪሙን መጠየቅ የምፈልገው፣ ቲሸርቱ እስከ መቼ ድረስ መቆየት እንዳለበትና ቁስሉን ሸፍኖ መዋሉ ጉዳት እንዳለው ነው።

መልስ፦ «የእንስሳት ሐኪም»

እህቴ፣ ያደረጉት ተገቢ ነው፤ ለዚሁ አገልግሎት ተብሎ የሚሠራ ልብስም አለ። ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆይላት። ቢያንስ ሁለት ቲሸርት ያዘጋጁና አንዱ ሲታጠብ ሌላውን ያልብሷት፤ በዚህ ዝናብ ወራት ጥጥ ቶሎ ስለማይደርቅ ውስጡን በእጅዎ ዳስሰው ጥቂትም ቢሆን እርጥበት ካገኙበት አያልብሷት። ጠዋትና ማታ ጨርቁን ገልጠው ስፌቱን ይመልከቱ። እብጠት፣ መጥፎ ሽታ ወይም መግል ካዩ፣ ወይም ጨርቁን ከላይ እየላሰች አርጥባው ካገኙ፣ ቀኑ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ቀዶ ሕክምናውን ወዳደረገላት ሐኪም ይውሰዷት። የመላስ ጠባይዋ ከጸና፣ እርስዎ አጠገቧ በማይሆኑበት ሰዓት ቆቡን ከመመለስ ሌላ አማራጭ የለም።