ከስታይሪን ሉህ የሠራኋት የጠፈር መርከብ ጎኗ እየሰረጎደ ነው፤ እስከ ቅዳሜ እንዴት ላድናት?

የኮዬ ፈጬው፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3፡40

የተከበራችሁ ሞዴል ሠሪዎች፣ ይህን ቶሎ የሚያነብ ካለ እባካችሁ ይድረስልኝ። አራት ወር የለፋሁባትን የጠፈር የጭነት መርከብ ዛሬ ከሥራ ተመልሼ ጨርቁን ገልጬ ባያት ግራ ጎኗ ሰርጉዶ፣ የውስጥ ጎድኖቿ ድርቅ እንዳገኘው በሬ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ሆነዋል። ርዝመቷ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ሰንበሌጥ ብያታለሁ። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ የብረት ማስመሪያ ባስጠጋባት መሐል ላይ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት አገኘሁ፤ እሑድ ማታ ግን ቀጥ ያለች ነበረች። ከአፍንጫዋ ሥር ያለው መገጣጠሚያም ጥፍር እስኪያስገባ ተከፍቷል።

የተገዛ ኪት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የሞዴል መገጣጠሚያ ክፍል) የለባትም፤ ሁሉንም ስታይሪን ከሚባለው የፕላስቲክ ሉህ በእጄ ቆርጬ የሠራሁት ነው። ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ሰፈራችን ውስጥ በሚደረግ የእጅ ሥራ ትርኢት ላይ ላቀርባት ተመዝግቤያለሁ። ሙጫ ጨምሬ በከባድ መጽሐፍ ልጫናት ወይስ ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቼ ልፋቀው? ሌሊቱን ሙሉ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

የሰበታው፣ 3፡52

ወንድሜ፣ አትደንግጥ፤ የጎበጠ ፕላስቲክ በፈላ ውሃ ይቃናል። ሰፊ ሳፋ ፈልገህ መርከቧን ለሁለት ደቂቃ ያህል ንከራትና ስትለሰልስ በጠፍጣፋ ጣውላ ተጫናት። እኔ የአንድ የመኪና ሞዴል ጣሪያ በዚህ መንገድ አቃንቼ እስከ ዛሬ እንደተቃና ነው።

የቡራዩ መምህር፣ 4፡05

ልጄ፣ በመጀመሪያ ምን በእጅህ እንደያዝክ እንወቅ። ስታይሪን የምንለው ሉህ በትክክለኛ ስሙ ፖሊስታይሪን ነው፤ ለሞዴል የሚመረጠውም ጎማ የተቀላቀለበትና እንደ መስታወት የማይሰነጠቀው ዓይነት ነው። በከተርና በማስመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ጭረህ ብታጥፈው በጭረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይሰበራል፤ ሠሪዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ሙጫ የምንለው ፈሳሽ ደግሞ እንደ እንጨት ኮላ በመሐል ገብቶ ደርቆ የሚይዝ አይደለም። አሟሚ ነው፤ ሁለቱን ፊቶች አለስልሶ አንዱን ከሌላው ጋር ያዋህዳቸውና ራሱ ተንኖ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው ብየዳ ነው፤ ላሜራ የበየደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ደግሞ ብየዳ በአንድ ወገን ሲበዛ ቁሱ ይጎብጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ የመርከቧን መጠነ ልኬት አልነገርከንም። 1 ለ72 ከሆነ 80 ሴንቲ ሜትሯ በእውኑ ዓለም 57 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው በርም በሞዴሏ ላይ 28 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በሩና መሰላሉ ከዚህ ልክ ከወጡ የቀረው ሥራ ምንም ያህል ቢያምር መርከቧ መጫወቻ ትመስላለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለፊልም ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ከታንክና ከጦር መርከብ ኪቶች ትንንሽ ክፍሎችን እየነቀሉ በጠፈር መርከቦቻቸው ቆዳ ላይ ይለጥፉ የነበረው፣ ዓይን ብዙ ጥቃቅን ነገር ሲያይ የዋናውን አካል ግዙፍነት ስለሚያምን ነው። እንግዲህ አንተም የቅዳሜውን ትርኢት ትተህ ልኬቷን አስተካክለህ ተረጋግተህ ብትሠራት ይሻል ነበር እላለሁ።

የአባዶ ነዋሪ፣ 4፡20

እኔ ከመነሻው አልስማማም። በአዲስ አበባ ነጭ የፕላስቲክ ሉህ ከማስታወቂያ ሠሪዎች የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሸጥለት ፒቪሲ እንጂ ስታይሪን አይደለም፤ ፒቪሲ ደግሞ በስታይሪን ሙጫ በቅጡ ስለማይያዝ መገጣጠሚያው መከፈቱ አይገርምም። ስለዚህ ስለ ሙጫው ከመነጋገራችን በፊት ሉሁ ይፈተን። ከቁርጥራጩ አንዱን ወስደህ በሳሙና እጠበው፤ ካላጠብከው ጥቃቅን አረፋ ይለጠፍበትና ያታልልሃል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጨምረው፤ ቀጥሎም የገበታ ጨው መሟሟት እስኪያቅተው ድረስ በተበጠበጠበት ብርጭቆ ውስጥ ሞክረው። ፖሊስታይሪን በንጹሕ ውሃ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ በጨዋማው ላይ ግን ይንሳፈፋል። ጠጣሩ ፒቪሲ በሁለቱም ይሰምጣል፤ አረፋማው ፒቪሲ በሁለቱም ይንሳፈፋል። በእሳት ለመፈተን ግን አትሞክር፤ ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባ የሚጎዳ አሲድ አለበት።

የለገጣፎዋ ቀራፂ፣ 4፡31

ወንድሜ፣ ማንም ሰው የትኛውንም ምክር ከመስጠቱ በፊት አራት ነገር ንገረን። ሙጫህ ምንድን ነው? የሉሁ ውፍረት ስንት ነው፤ ነጠላ ነው ወይስ ድርብ? ጎድኖቹ በምን ያህል ርቀት ይራራቃሉ? ሳጥኑስ ዙሪያውን ተዘግቷል ወይስ ቀዳዳ አለው? በመጨረሻም በሰረጎደው ቦታ ላይ ጥፍርህን ቀስ ብለህ ተጫነውና ምልክት ይቀር እንደሆነ እይ።

የኮዬ ፈጬው፣ 4፡58

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ልኬቷ እንዳሉት 1 ለ72 ነው፤ በሯም 28 ሚሊ ሜትር ናት። ቅዳሜን ግን መተው አልችልም፤ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች።

የአባዶውን ፈተና አሁን ሠራሁት። ቁርጥራጩ በንጹሑ ውሃ ሰመጠ፤ በጨዋማው ላይ ተንሳፈፈ። ስለዚህ ስታይሪን ነው።

እህቴ፣ ላልሽኝ መልሱ ይኸው። ሙጫው አሴቶንና የመኪና ቀለም ቲነር እኩል በእኩል የቀላቀልኩት ነው። ቆዳዋ 1 ሚሊ ሜትር ሉህ ሲሆን፣ ጠንካራ እንዲሆን ብዬ ሁለቱን ደርቤ ፊታቸውን በሙሉ በሰፊ ብሩሽ ቀብቼ አጣበቅኋቸው። ጎድኖቹ በ10 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። እሑድ ማታ ዙሪያውን ዘግቼ ጨረስኩ፤ ቀዳዳ የላትም። ቧንቧዎቹንና ጥቃቅን ሰሌዳዎቹን የለጠፍኩት በግራው ጎን ብቻ ነው፤ ቀኙ ገና ባዶ ነው። ጥፍሬን ስጫነው ልክ እንደ ሻማ ምልክት ይቀራል፤ ቀኙ ጎን ግን አይቀበልም። አፍንጫዬን ወደ ተከፈተው መገጣጠሚያ ሳስጠጋም የቲነር ሽታ አለ።

የለገጣፎዋ ቀራፂ፣ 5፡20

ሽታው ሁሉንም ነገር ነግሮናል። በሁለቱ ሉሆች መካከል በብሩሽ ያፈሰስከው አሟሚ በጠርዙ በኩል ያለው ተንኗል፤ በመሐል ያለው ግን መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩን ከውስጥ እያለሰለሰው ነው። የለሰለሰው ቆዳ በጎድኖቹ መካከል ይወርዳል፤ ጎድኖቹ ባሉበት ደግሞ ይቆማል። የግራ ጎንህን ቧንቧና ሰሌዳ ስትለጥፍ የጨመርከው ሙጫም በዚያው ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ሲደርቅ ቆዳውን ወደ ራሱ ስቦ መርከቧን እንደ ደጋን አጎበጣት። ስለዚህ ሙጫ ጨምሬ ልጫናት ያልከውን ፈጽሞ እንዳታደርገው።

ዛሬ ሌሊት የምትሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሆዷ በታች፣ ተመልካች በማያየው በኩል፣ በየጎድኖቹ መካከል ላለው ክፍል ሁሉ 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ሁለት ቀዳዳዎችን ብሳ። የአሴቶን ተን ከአየር ስለሚከብድ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች እንዲያዩ አድርገህ መርከቧን በሁለት ብሎኬት ላይ አሳርፋት። መስኮት ክፈት፤ ከሰልም ሆነ ሻማ በዚያ ክፍል አይኑር፤ እናትህ ቡናውን በሌላ ክፍል ያፍሉ።

ነገ ሐሙስ ግራውን ቆዳ አውጣው። ይህን ስል እንደሚያምህ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሁለት ሉህ መካከል የታሰረ አሟሚ ለመውጣት ሳምንታት ሊወስድበት ስለሚችል ያ ቆዳ እስከ ቅዳሜ አይደርቅም። ስታወጣው አትገንጥለው፤ ጎድኑ አብሮ ይነቀላል። በመገጣጠሚያው ላይ አዲስ የከተር ምላጭ ደጋግመህ እየሳብክ፣ እጅህን ሳትጫን፣ መስመሩ ራሱ እስኪለቅ ድረስ ቁረጠው። ቧንቧዎቹንና ሰሌዳዎቹን ከላዩ እየላጥክ አስቀምጥ፤ አብዛኞቹ ይድናሉ።

ቆዳው ሲወጣ የውስጧን አጥንት ታገኛለህ። በ10 ሴንቲ ሜትር መራራቃቸው በዝቷል፤ በየመካከሉ አንድ ጎድን ጨምር። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ድረስም በጎድኖቹ መሐል አራት ማዕዘን የአልሙኒየም ቱቦ አሳልፍ፤ የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ቁራጩን በርካሽ ይሰጡሃል። የስታይሪን ሙጫ ብረት ስለማይይዝ ቱቦውን በኢፖክሲ አጣብቀው፤ እስኪደርቅም ድረስ መርከቧን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስረህ አቆያት። ጉብጠቷን የሚያቃናው ይህ ቱቦ ነው።

አዲሱ ቆዳ ነጠላ 2 ሚሊ ሜትር ሉህ ይሁን። ሉሁን ከጎድኖቹ ጋር ደረቁን አጋጥመህ ያዝና የቀጭን ብሩሽ ጫፍ በአሴቶኑ ነክረህ መገጣጠሚያውን ከውስጥ በኩል አንዴ ብቻ ንካው፤ ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ሲሮጥ ታየዋለህ፤ እዚያ ላይ ብሩሹን አንሳ። ቲነሩን ከነአካቴው ተወው፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልግህም። ወደፊትም ሰፊ ፊት መደረብ ካማረህ ቀጭን ማስቲሽ ሁለቱንም ፊት ቀብተህ፣ ጣት ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን አድርቀህ ግጠማቸው።

የሰበታው፣ 5፡34

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል? ቆዳውን ከማውጣትህ በፊት የፈላውን ውሃ አንድ ጊዜ ሞክረው እላለሁ። ለእኔ ሠርቷል።

የቡራዩ መምህር፣ 5፡47

ወንድሜ የሰበታው፣ የአንተ የመኪና ጣሪያ ነጠላና ክፍት ቁራጭ ስለነበር ነው የሠራልህ። ፖሊስታይሪን ፈጽሞ የሚለሰልሰው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ጤናማው ቆዳ ብዙም ሳይነቃነቅ፣ አሟሚ የጠጣው ቆዳ ብቻ ይንዘፈዘፋል። በተዘጋው ሳጥን ውስጥ ያለው አየርና ተንም ሲሞቅ ስለሚያብጥ ዛሬ የሰረጎደው ነገ እንደ ከበሮ ይነፋል። ልጄ፣ የእህትህን ምክር ተከተል፤ ቅዳሜን ተወው ያልኩህንም አንስቻለሁ። የእናት ቃል እንዲህ በቀላሉ አይታጠፍም።

የገላን ጋራዥ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 1፡15

ስለ ስቱኮው ማንም አልመለሰልህምና እኔ ልናገር፤ መኪና ስጠግን የምውለው በእሱ ነው። ማድረቂያ የሚቀላቀልበት የመኪና ስቱኮ ራሱ ስታይሪን የሚያሟማ ፈሳሽ አለበት፤ በለሰለሰ ቆዳ ላይ ወፍራም አድርገህ ብትሞላው ጉድጓዱን ያሰፋዋል። ለአፍንጫዋ ስንጥቅ ሱፐር ግሉ አንጠባጥበህ ወዲያው ቤኪንግ ሶዳ ነስንስበት፤ በሰከንዶች ውስጥ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ሲደርቅ ይሞቃል፤ የሚወጣውም ተን ዓይን ያቃጥላልና ፊትህን አርቅ። ብዙ ካቆየኸው ከስታይሪኑ ይልቅ ስለሚጠነክር በዚያው ሰዓት በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፤ አለበለዚያ ዙሪያው ተበልቶ እሱ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ቀለም ስትቀባም ግራጫውን እስፕሬይ ከሩቅ፣ ስስ ስስ አድርገህ፣ በየመካከሉ እያደረቅህ ደጋግም። አንድ ጊዜ አጥልቀህ ብትነፋው ቲነሩ አዲሱን ቆዳም ይበላዋል።

የኮዬ ፈጬው፣ ሐሙስ ከምሽቱ 2፡10

ቀዳዳዎቹን ሌሊቱን በስቻለሁ። ቆዳውን ዛሬ አወጣሁት፤ ሁለቱ ሉሆች መሐል ላይ አሁንም እርጥብ ነበሩ፤ ስለያያቸው እንደ ማስቲካ ክር እየሳቡ ተላቀቁ። ከ31 ቧንቧዎች 26ቱ ተርፈዋል። ቱቦውን ከአንድ የአልሙኒየም ቤት አግኝቼ በኢፖክሲ አስሬዋለሁ፤ ማስመሪያው አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነካል። የቀረኝ የ2 ሚሊ ሜትሩ ሉህ ነው፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ጭምር ብዞር ያገኘሁት 1 ሚሊ ሜትሩን ብቻ ነው። እህቴ፣ እሱን ነጠላውን ባደርገው ይይዛል?

የለገጣፎዋ ቀራፂ፣ ሐሙስ ከምሽቱ 2፡25

ጎድኖቹን በ3 ሴንቲ ሜትር ካቀራረብካቸው ይይዛል። ነገር ግን እኔ ዘንድ ግማሽ ሉህ ባለ 2 ሚሊ ሜትር አለ፤ ነገ ከሥራ በፊት ለገጣፎ ድረስ መምጣት ከቻልክ ውሰደው። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ።

የአባዶ ነዋሪ፣ ሰኞ ከጠዋቱ 3፡00

የኮዬ ፈጬው፣ ሉሁን አገኘኸው? ቅዳሜ ሰንበሌጥ ጠረጴዛ ላይ ቀረበች? ግራ ጎኗን ፎቶ አንሥተህ ብትለጥፍልን ሁላችንም ማየት እንፈልጋለን።

የቡራዩ መምህር፣ ሐሙስ ከቀኑ 8፡30

እኔም እየጠበቅሁ ነው። በሯንም በቅርበት አንሣት።