«በጨዋታ እናወጣዋለን» ማለት ምን ማለት ነው?

የጮቄ ነፋስ፦
ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ዐውደ ጥናት ተካፍዬ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ የዲዛይን ተመራማሪ ለገበሬ የሚሆን የስልክ አገልግሎት ለመሥራት ያደረገውን ጥናት አቀረበ። መጠይቅ አልያዘም። ለሃያ አባወራዎች ከረጢት አደለ፤ ከረጢቱ ውስጥ ጥያቄ የተጻፈባቸው ካርዶች፣ የአካባቢው ካርታ፣ የሚለጠፍ ኮከብና ጨረቃ፣ አንዲት ትንሽ ካሜራ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰበሰበው። እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነው። መጠይቁን ለምን እንደተወ ሲጠየቅ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «የጎጃም ገበሬ በቀጥታ ሲጠይቁት እውነቱን አይናገርም፤ ስለዚህ በጨዋታ እናወጣዋለን።» አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አባቴ ገበሬ ነው። ከአባቴ የሚወጣው ምንድን ነው? ጥርስ ነው?

የዲዛይን ተማሪዋ፦
እኔም እዚያው ነበርሁ። አነጋገሩ አላማረም፤ ለእርሱ አልከራከርም። ነገር ግን አንድ ቃል ይዛችሁ ዘዴውን አትቅበሩት። ዘዴው «ካልቸራል ፕሮብስ» ይባላል፤ ያመጡት የዲዛይን ተመራማሪዎቹ ቢል ጌቨር፣ ቶኒ ዳንና ኤሌና ፓቼንቲ ናቸው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። በኦስሎ፣ በአምስተርዳምና በጣሊያን ፔቾሊ በምትባል የገጠር ከተማ ለሚኖሩ አረጋውያን ነበር እንደ ከረጢቱ ያለውን ጥቅል የሰጡት። ካሜራው ላይ «ዛሬ መጀመሪያ ያዩትን ሰው»፣ «የሚያሰለችዎትን ነገር» ያንሡ የሚል ነበረበት። ካርታው ላይ ደግሞ ሰው ለማግኘት የት እንደሚሄዱ፣ ብቻዎን ለመሆን የት እንደሚሄዱ ምልክት ያድርጉ ይላል። ዓላማው መረጃ መልቀም አልነበረም፤ ዲዛይነሩ ያላሰበው ነገር እንዲታየው ነበር። ለፔቾሊ ያቀረቡት ሐሳብ የመንደሩንና የመስኩን ድምፅ በሬዲዮ ማስማት ነው። ይህን በመጠይቅ ማን ያገኘዋል?

መረጃ ሰብሳቢው፦
«መረጃ መልቀም አልነበረም» አልሽኝ፤ ደስ ይላል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት መጠይቅ ተሸክሜ ከደጀን እስከ ቡሬ የዞርሁ ሰው ነኝ። ስንት ጥማድ መሬት አለዎት? ሁለት። ስንት በሬ አለዎት? አንድ፣ እርሱም ከወንድሜ ጋር ነው። ከኋላቸው ሦስት በሬ ተኝቶ ያመሰኳል። እኔም «አንድ» ብዬ እጽፋለሁ። ታዲያ ተመራማሪው ምን ዋሸ? ገበሬው ለጠያቂ እውነቱን አይናገርም። እናንተን ያስቆጣችሁ ነገሩ በማይክሮፎን መነገሩ ነው።

የሞጣው፦
አልዋሸም፤ ግማሹን ተናገረ። ለምን እንደማይናገር ማን ይንገረው? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሊጣል ነው ተብሎ ገማች ሲላክ፣ ሞጣና ቢቸና ቅጽ አልሞላም፤ ጠመንጃ አነሣ። መንግሥት ጦር ልኮም አልሆነለት፤ በመጨረሻ ግብሩን ትቶ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አነሣ። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ደግሞ «ቢሮክራሲ»፣ ማለትም የቀድሞ መንግሥት ሹም ነበር ተብሎ የተመዘገበ ሰው ከአራት ጥማድ በላይ የነበረውን ተወሰደበት። ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ምን አስከትሎ እንደሚመጣ እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። አንድ በሬ አለኝ ያሉህ ሰውዬ የሚሠሩትን ያውቃሉ።

የጮቄ ነፋስ፦
ተባረክ! ገማች በጠመንጃ ያላወጣውን ይኸው በኮከብና በጨረቃ ሊያወጡት መጡ።

የዲዛይን ተማሪዋ፦
አሁንስ አበዛኸው። ሰውዬው የጠየቀው የበሬ ቁጥር አይደለም።

የጮቄ ነፋስ፦
«እናወጣዋለን» ያለው እርሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። የሚወጣው ነገር ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ውስጥ ያለው ደግሞ ባለቤት አለው። ሌባም በጨዋታ ያወጣል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦
እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ካሜራው ምን ዓይነት ነው? ያየው ባልደረባዬ ተነሥቶበት የሚጣለው የፊልም ካሜራ ነው ብሎኛል። ማርቆስ ላይ ፊልም የሚያጥብ ፎቶ ቤት ካየሁ ዘመን የለኝም። የት ታጠበ?

ደግሞ ይህ እንደ አዲስ መቅረቡ ይገርመኛል። እኛ «አሳታፊ» በሚባለው ዘመን ገበሬውን ዛፍ ሥር ሰብስበን የቀበሌውን ካርታ መሬት ላይ በአመድ አሥለናል። ባቄላው ቤት፣ ቅጠሉ ምንጭ፣ ድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን። አሠልጣኞቻችን ሮበርት ቻምበርስ የሚባል እንግሊዛዊ ስም ከአፋቸው አይወርድም ነበር። ሽማግሌዎቹ ምንጩ ድሮ የት እንደነበረ ሲጨቃጨቁ ተቀምጬ የሰማሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ብዙ የተማርሁበት ቀን እርሱ ነው። ከዚያ ቅጽ መጣ። ካርታውን ወደ ቅጹ ገልብጡ ተባልን፤ ባቄላው ቁጥር ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ካርታውን ሳናሥል ቅጹን ብቻ መሙላት ጀመርን። ማንም ልዩነቱን አላወቀም።

የዲዛይን ተማሪዋ፦
ወንድም ጋሼ፣ ልክ የእርስዎን ታሪክ ነው ጌቨር የሚያማርረው! በ2004 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር በጻፈው ላይ፣ ሰዎች ጥቅሉን ወስደው ለምላሹ አማካይና ማጠቃለያ እያወጡ ነው፣ እኛ ግን አሻሚነቱን ሆን ብለን ነው የተውነው ይላል። በ2007 ደግሞ ቦይነር፣ ቨርቴዚ፣ ሴንገርስና ዱሪሽ ዘዴውን የተዋሱትን ጥናቶች ገምግመው፣ ብዙዎቹ ዕቃውን እንጂ ሐሳቡን እንዳልወሰዱ አሳይተዋል። የእኛ ሰውዬ ጥፋት ይህ ነው። ከረጢቱን ወስዶ መጨረሻ ላይ የመቶኛ ሠንጠረዥ አሳየን። ከሃያ ሰው መቶኛ!

መረጃ ሰብሳቢው፦
መቶኛውን የፈለገው እርሱ መሰለሽ? ገንዘቡን የሚሰጠው አካል «ስንቱ ተጠቃሚ ይህን ፈለገ» ይላል። «አንድ ሽማግሌ ጨረቃ ለጠፉ፣ እኔም ታየኝ» ብለሽ ጽፈሽ ደመወዝ ውሰጂ እስቲ።

ዋሸራ የተማሩት፦
ልጆቼ፣ በወጣትነቴ ዋሸራ ቅኔ ቤት ቅኔ ቆጥሬአለሁና አንድ ነገር ልበል። ይህች ልጅ የምትለው ሰምና ወርቅ ያለው ነገር ነው፤ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ስለ ጨረቃዋ ግን የነገሩኝ አሳስቦኛል። አንዱ ገበሬ ጨረቃዋን ገበያው ላይ ለጠፏት፤ ተመራማሪው «ገበያ የሕልማቸው ቦታ ነው» ብሎ ፈታው። እኔ ብፈታው ከገበያ ሲመለሱ ይመሽባቸዋል ማለት ነው። ማን ያርመን? ቅኔ ቤት ተማሪው የዘረፈውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል፤ ወርቁንም ባለቅኔው ያውቀዋል። እዚህ ግን ባለቅኔው እርሻ ላይ ናቸው፤ ፈቺው ብቻውን አዳራሽ ቆሟል።

የዲዛይን ተማሪዋ፦
የኔታ፣ አክብሬዎት ነው፤ ነገር ግን ለዲዛይነሩ ሁለቱም ፍቺ ይጠቅማል። አንዱ ስለ ሕልም ያሳስበዋል፣ አንዱ ስለ መንገድ መብራት። ትክክለኛው አንድ ነው የሚባልበት ጨዋታ አይደለም።

የጎንጁ፦
ትክክለኛ ፍቺ የሌለው ቅኔ ዘባርቆ ይባላል። ዋሸራ ይህን አስተምሮ ከሆነ ግን አላውቅም።

ዋሸራ የተማሩት፦
ዋሸራ ምን እንደሚያስተምር የጎንጅ ቅኔ ቤት አያስተምረኝም። ኅብር የተባለውን ቅኔ ሰምተህ ታውቃለህ? በአንድ ቃል ሁለት ምሥጢር።

የጎንጁ፦
ሁለት ይሁን እንጂ ሁለቱንም ባለቅኔው ያሰበው ነው! ፈቺ ከኪሱ አይጨምርበትም። እርስዎም ከላይ ያሉት ይህንኑ ነው፤ አሁን ለልጅቱ አዝነው ለወጡት።

የሞጣው፦
ከቅኔው እንቆቅልሹ ይቀርባል። እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ። ካላወቅህ አገር ስጠኝ። «ጎጃምን ሰጠሁህ» ሲባል «ጎጃም ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ ይሄዳል። ይኸው ተመራማሪውም አገር ተቀብሎ ሄደ።

መረጃ ሰብሳቢው፦
በእንቆቅልሽ ግን አገር የሚሰጠው መልሱን ያላወቀው ነው። እዚህ ያላወቀው ጠያቂው አይደለም እንዴ? አገር መስጠት ያለበት እርሱ ነበር።

የጮቄ ነፋስ፦
እኔ ወደ ቃሉ ልመለስ። ትናንት ስልክ ደወልሁ። ከሃያዎቹ አንዱ የአክስቴ ጎረቤት ናቸው። ካሜራውን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተውት ሃያ ምናምኑንም ፎቶ ያነሣው እርሱ ነው። አዳራሽ ውስጥ «የአርሶ አደሩ ዕይታ» ተብሎ የቀረበልን የሰባት ዓመት ልጅ ዕይታ ነው! አየሽ እኅቴ? እርሳቸውም በጨዋታ አላወጡትም።

የዲዛይን ተማሪዋ፦
ይህ እኮ ከሁሉ የሚበልጠው ምላሽ ነው! ለካሜራ ጊዜ የሌላቸው ሰው፣ በቤቱ ውስጥ አዲስ ዕቃ የሚነካው ማን እንደሆነ አሳዩት ማለት ነው። ስልኩን የሚነካውም ያው ልጅ ከሆነ አገልግሎቱ ለማን መሠራት እንዳለበት ተገኘ። ተመራማሪው ሄዶ ቢጠይቃቸው ያገኘው ነበር።

የጮቄ ነፋስ፦
«ቢጠይቃቸው» አልሽ? በቀጥታ?

የዲዛይን ተማሪዋ፦
በቀጥታ። ከረጢቱ ከተመለሰ በኋላ ቡና ጠጥቶ መጠየቅ ማን ከለከለ?

መረጃ ሰብሳቢው፦
እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ምን ስሠራ የኖርሁ መሰለሽ?

የሞጣው፦
አንተ ቡናውን ጠጥተህ «አንድ በሬ» ብለህ ጻፍህ።

የጮቄ ነፋስ፦
ሽማግሌው ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቁኝ። ልጁ በሬያቸውን አንሥቶት ነበር፤ በሬው ከዚያ ወዲህ ታሞ ሞተ። ፎቶው መቼ ይመጣል አሉኝ። እኔ ምን ልበላቸው?

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦
እኔስ ከመጀመሪያው የጠየቅሁት ይህንኑ አይደለም? ፊልሙ የት ታጠበ?