የናኖ ቅንጣት ሞዴሌ ጣና ላይ ቆሞብኛል፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ከግድግዳ ቀለም ታጥቦ የሚወርድ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ብናኝ) ጣና ሐይቅ ሲገባ የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር እያሰላሁ ነው። እንደ ተራ ኬሚካል በውሃና በደለል መካከል ያለውን የክፍፍል ሚዛን ወስዶ ማስላት ለናኖ አይሆንም፤ ከደለሉ ጋር የሚጣበቅበትን ፍጥነት ማስገባት ግድ ነው። የያዘኝ እሱ ነው፤ የመጣበቅ ብቃት የሚባለው፣ ቅንጣቱና ደለሉ ሲጋጩ ከግጭቱ ስንቱ ተጣብቆ እንደሚቀር የሚነግረው፣ ከ0 እስከ 1 የሚሄደው ቁጥር።

ወደ 1 ሳስጠጋው ቅንጣቱ ከደለል ጋር ወርዶ ጭቃው ውስጥ ለሚኖሩት ፍጥረታት ስጋት ይሆናል፤ 0.001 ሳደርገው ውሃው ውስጥ እንደተበተነ ይቀራል። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) 8 አካባቢ ቅንጣቱም ሸክላውም ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፣ ካልሲየም ደግሞ ያቀራርባቸዋል። የክረምቱን ድፍርስማ ተዉት!

የምለካበት ላቦራቶሪ የለኝም። ለደፍራሽ ሐይቅ የተለካ ቁጥር የምታውቁ አላችሁ? ከሌለ፣ በሞንቴ ካርሎ (ቁጥሩን በዘፈቀደ እየቀያየሩ ደጋግሞ በማስላት) ሳስኬደው ከየት እስከ የት ልስጠው?