የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለሚጣል ሞዴስ ይዋል ወይስ ለሚታጠብ?

አወያይ፦ ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ወላጅና መምህራን ኅብረት ለመጪው መስከረም ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ ሊገዛ ነው። ገንዘቡ ለሁለቱም ዓይነት አይበቃም። የትኛው ይገዛ? ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ።

የልጃገረዶች ክበብ ተጠሪ፦ የሚታጠበው። ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይቀየራል። በቀን 4 ወይም 5 ፍሬ ካልን፣ ለ5 ቀን ከ20 እስከ 25 ይሆናል። እሽጉ 8 ወይም 10 ፍሬ ነው፤ እንግዲህ ለአንዲት ልጅ በወር ከ2 እስከ 3 እሽግ፣ በ10 የትምህርት ወራት እስከ 30 እሽግ። የሚታጠበው ግን 6 ፍሬ ቢሰጣት፣ በአግባቡ ከያዘችው ከዓመት በላይ ያገለግላታል። እዚሁ አገር የተሠራበት ነገር ነው፤ የመቀሌዋ ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባሉት በዚሁ ሥራ ነው።

ወላጅ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ ለመጽሐፍ ይዋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ አባባ፣ መጽሐፉን የምታነበው ልጅ ክፍል ከተገኘች አይደል? ወደ አንቺ ልምጣ እህቴ፤ ሂሳብሽ ልክ ነው፣ ማጠቢያውና ማስጫው ግን አልገባበትም። መጠበቂያው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ደሙ እስኪለቅ ይለቀለቃል። በሙቅ ከተጀመረ ደሙ ጨርቁን ይይዘውና አይለቅም። ከዚያ በሳሙና ታሽቶ፣ አረፋው እስኪጠፋ ተለቃልቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በረኪና ጨርቁን ይበላዋል፣ ቅሪቱም ቆዳ ያቃጥላል። ካውያ ደግሞ ከሥር ያለውን ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ያበላሸዋል። አሁን ቧንቧውም ገመዱም የጋራ በሆነበት የኪራይ ግቢ የምትኖር የ12 ዓመት ልጅ አስቢ። ተከራይ ሁሉ እያየ አታሰጣውም፤ አልጋ ሥር ትወሽቀዋለች። በክረምት ደጅ የተሰጣው እንኳ ውሎ እርጥብ ነው። እርጥቡን ስታደርገው ያሳክካታል፣ ፈንገስ ይይዛታል፣ ጭኗ ይላጣል።

የንጽሕና መገልገያ ቴክኒሻን፦ እናንተ የሚጣለውን የምትሉ ደግሞ የት እንደሚጣል ንገሩኝ። ቅርጫት ከሌለ ልጅቷ ጉድጓዱ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ ሌላ ምን ታድርግ? ውስጡ ያለው ፈሳሽ መጣጭ ነገር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ፕላስቲኩ አይበሰብስም፣ ጉድጓዱ ያለጊዜው ይሞላል። መጣጭ መኪናው ሲመጣም ቱቦው ይደፈናል። በርሜል ውስጥ ላቃጥል ብትሉ፣ እርጥብ ስለሆነ ግቢውን በጭስ ሞልቶ ግማሹ ይቀራል። በደንብ እንዲነድ ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚደርስ ማቃጠያ ይፈልጋል። ከውስጥ የሚቀረቀር በር፣ ክዳን ያለው ቅርጫትና ውሃ ሳይኖር የትኛውንም ብትገዙ ገንዘቡ ባክኗል።

የባዮሎጂ መምህር፦ ከ5ኛ ክፍል የሚለውም ያከራክራል። ጡት ማጎጥጎጥ የሚጀምረው ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው የወር አበባ በአማካይ ከዚያ 2 ዓመት ገደማ ቆይቶ ይመጣል። 4ኛ ክፍል ሆነው የሚያዩ አሉ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ እንቁላል በየወሩ ስለማይለቀቅ ዑደቱ ከ21 እስከ 45 ቀን ይዋዥቃል። ስለዚህ ቀን ቆጥራ ተዘጋጅታ ትምጣ አይባልም፤ የሚመጣባት ክፍል ውስጥ፣ የሒሳብ ፈተና ላይ ሊሆን ይችላል። ቤት ያስቀመጠችው የሚታጠብ ለዚያች ሰዓት አይደርስላትም። ስለ ወር አበባና ስለ ጉርምስና የሚሰጠው ገለጻ ወንዶቹንም ይጨምር። ድምፁ የሚሰባበረው ማንቁርቱ እያደገ ስለሆነ መሆኑን ያልተነገረው ልጅ፣ በሴቷ ቀሚስ ላይ ለመሳቅ ቀዳሚ ነው።

ፋርማሲስት፦ መጠበቂያ ብቻውን ክፍል አያስቀምጣትም፤ ሕመሙም አለ። ማሕፀንን የሚያኮማትረው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ሰውነት የሚያመርተው ንጥረ ነገር ነው፤ ኢቡፕሮፌን የዚህን መመረት ስለሚቀንስ ሕመሙ ሳይበረታ ሲወሰድ ይሻላል። ከ12 ዓመት በላይ ለሆነች 200 ሚሊ ግራም፣ ከምግብ በኋላ፣ በ8 ሰዓት ልዩነት። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ካለባት ባለሙያ ሳታማክር አትውሰድ። አስፕሪን ለዚህ ዕድሜ አይሰጥም። አንድ ሞዴስ በሰዓት ውስጥ የሚርስ ከሆነና ከቀጠለ፣ ወይም ከ7 ቀን ካለፈ፣ ጤና ጣቢያ ነው።

የልጃገረዶች ክበብ ተጠሪ፦ እሺ፣ ድንገተኛውን ተቀብያለሁ። የወር አበባ ማየት ከጀመሩ 100 ልጆች በማንኛውም ቀን በአማካይ 18 ያህሉ የወር አበባ ላይ ናቸው። ለእያንዳንዷ በወር አንድ ሞዴስ ለድንገተኛ ብንይዝ 100 ፍሬ፣ ማለትም ባለ 10 ፍሬው 10 እሽግ ይበቃል። የቀረው ለሚታጠበው ይዋል፤ ግን እወስዳለሁ ላለች ብቻ፣ አስተጣጠቡም በውሃና በሳሙና ታይቶ። ገመድ ላይ ስስ ነጠላ ነገር ከላይ ጣል ቢደረግበት አየር ያስገባል፣ ዓይንም ይከልላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ በስስ ጨርቅ ይሆናል። ወፍራም ፎጣ ብቻ እንዳይሆን። ለዝናቡም 6 ሳይሆን 8 ፍሬ ስጧቸው።

ወላጅ፦ የድንገተኛው ሳጥን ታዲያ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ይቀመጥ፤ ክፍት ከተተወ በሳምንት ያልቃል።

የባዮሎጂ መምህር፦ ዩኒት ሊደሩ ወንድ ከሆነስ? ደጁ ላይ ቆማ አትጠይቅም፤ ቦርሳዋን ይዛ ቤቷ ትሄዳለች። ቁልፉን በየክፍሉ አንዲት ሴት ተማሪ ትያዝ።

ወላጅ፦ እሷ የቀረች ዕለትስ?

የባዮሎጂ መምህር፦ ሁለት ይሁኑ።